ብርሃን ያዥዋ

ኦ ሚራን ለሃያ አራት ዓመት የሰው ብርሃን ይዛ ኖረች። ቅኔ እየዘረፍኩ አይደለም፤ ሥራዋ በቃ ይኸው ነበር። ከሶጎክ ወደብ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ የጉ ቻንግሆ ፎቶ ቤት አለ። ቻንግሆ ሙሽራ ሲያነሣ፣ መቶ ቀን የሞላው ሕፃን ሲያነሣ፣ ሽማግሌ ከነልጅ ልጆቹ ሲያነሣ ሚራን ከጎን ትቆማለች። በግራ እጇ ሪፍሌክተሩን ትይዛለች፤ የመኪና ጎማ የሚያክል ብርማ ክብ ጨርቅ ነው፣ ብርሃን ተቀብሎ ወደ ሰው ፊት ይመልሳል። በቀኝ እጇ ደግሞ ፍላሹን ከራሷ በላይ ከፍ ታደርጋለች። ቻንግሆ ጣቱን ይጫናል፣ ቀጭ ይላል፣ አለቀ። ከፎቶው ሥር በወርቅማ ቀለም የሚታተመው የእሱ ስም ነው።

ልጄ ስትዳር በዓይኔ ስላየሁ ነው የማወራው። ልጄ የአባቷን አፍንጫ ወርሳለች፤ ከፊት ለፊት ብርሃን ሲመታት አፍንጫዋ ቀድሟት ነው የሚመጣው። ሚራን ገና ስታያት ሪፍሌክተሩን ዝቅ አድርጋ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች።

“ባልኩሽ ቦታ ቁሚ እንጂ!” አላት ቻንግሆ።

“እሺ ጋሼ” አለችና እዚያው በፈቀቀችበት ቀረች። ልጄ በዚያ ፎቶ ላይ የንጉሥ ልጅ መስላለች። አማቶቿ ቻንግሆን ሲያመሰግኑ ሚራን ጥግ ላይ ገመድ ስትጠቀልል ነበር።

እኔ ቻሱክ እባላለሁ። ሥራዬ ኦይስተር መክፈት ነው። ኦይስተር ማለት እንደ ድንጋይ በጠነከረ ቅርፊት ውስጥ የምትኖር ለስላሳ የባሕር ሥጋ ናት፤ በአጭር ቢላ ጎኗን ወግተሽ፣ ጅማቷን ቆርጠሽ ታወጫታለሽ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን ስንከፍት እንውላለን። ሚራን ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን እስከ ደረት የሚደርስ የድንጋይ አጥር ብቻ ነው።

በሃምሳ ዓመቷ፣ በአንድ የመከር ጠዋት፣ የፎቶ ቤቱን ደረጃ ስትወጣ ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉ። እግሯ ቀስ እያለ ተመለሰላት፣ አፏም ተመለሰ፣ ግራ እጇ ግን አልተመለሰም። ከትከሻዋ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከአምስት ወር በኋላ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ስትነሣ ዳገቱን ብቻዋን አትችለውም ብዬ አብሬያት ወጣሁ።

ገባን። በሚራን ቦታ አንድ ነገር ቆሟል። ሦስት እግር ያለው ብረት ነው፤ ከላይ ወደ ጎን የተዘረጋ ክንድ አለው፣ ክንዱ ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት መቆንጠጫ፣ በመቆንጠጫዎቹ መካከል ያ ብርማ ክብ ጨርቅ ተወጥሮ ተቀምጧል።

“አየሽው?” አላት ቻንግሆ እየሳቀ። ክፉ ሰው ልሁን ብሎ ያሰበም አይመስለኝም፤ ክፋቱ ሳያስብ ነው የሚወጣው። “የሪፍሌክተር መያዣ ነው። አያስለው፣ አይርበው፣ ለበዓል አገሬ ልግባ አይል። ያንቺን ሥራ ቁጭ አድርጎ ይሠራል።”

ሚራን ዞራ ዞራ ብረቱን አየችው።

“ጋሼ፣ ዘሟል።”

“ምኑ?”

“ክንዱ። ብርሃኑ የሚያርፈው አገጭ ላይ ነው። በዚህ የተነሣ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል።”

“እሱን ለእኔ ተይው። አንቺ ከባንኮኒው ኋላ ወንበር አለልሽ። ፎቶ በፖስታ እያደረግሽ መስጠት ነው፤ በአንድ እጅ ይቻላል። እኔኮ አልጨከንኩብሽም።”

ያን ጊዜ ነው ሚራን ቀና ያለችው። ሃያ አራት ዓመት “እሺ ጋሼ” ስትል የሰማኋት ሴት ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ እንዲህ አለች፦

“ይህ ብረት የእኔን ሥራ ከቻለ፣ የርስዎን ሥራ እኔ ምን ያቅተኛል?”

“በአንድ እጅ?” አለ ቻንግሆ፣ ሳቁ አፉ ላይ እንደ ቀረ።

“እርስዎስ በአንድ ጣት አይደል የሚሠሩት?”

ተያይዘን ወጣን። ዳገቱን ስንወርድ ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ የደነገጠች መስሎኝ ክንዷን ያዝ ሳደርግ ለካ እየሳቀች ነው። “እትዬ ቻሱክ፣” አለችኝ፣ “ይህን አፍ ይህን ሁሉ ዓመት የት ደብቄው ነበር?”

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያየሁት በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ነው። ሚራን ከቡሳን ከተማ ሳልባጅ ገበያ ያረጀ ካሜራ፣ አንድ ፍላሽ፣ የክርን ቅርጽ ያለው የፍላሽ መያዣ ብረትና ልክ የቻንግሆን የመሰለ የሪፍሌክተር መያዣ ገዝታ መጣች። የክርኑ ብረት ከካሜራው ሥር ይታሰራል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ፍላሹን ከሌንሱ በላይ ያቆመዋል። ጥቅሙን ስጠይቃት በትዕግሥት አስረዳችኝ፦ ሰው ቁመቱን ሲነሣ ካሜራው ይጋደማል፤ ፍላሹ ካሜራው ላይ ከሆነ አብሮ ይጋደምና የሰውየው ጥላ በጎኑ እንደ ሌባ ተለጥፎ ይወጣል። ፍላሹ ከላይ ሲሆን ግን ጥላው ከኋላ ወደ ታች ይወድቅና አይታይም።

“ድሮ ያ ብረት እኔ ነበርኩ” አለች።

ችግሩ ሌላ ነበር። ካሜራው፣ ፍላሹና ብረቱ ተደምረው ይከብዳሉ፤ በአንድ እጅ አንሥታ ጣቷን ስትጫን ሁሉም ነገር ይርገበገባል። መጀመሪያ ካንገቷ አንጠለጠለችው፣ አልሆነም። ቀጥሎ በጉልበቷ ደገፈችው፣ አልሆነም። አንድ ቀን ባሌ ጀልባውን አስሮ ሲመለስ በአጥሩ ላይ አያት። ባሌ ወሬ አይወድም። ቤት ገባና ትልልቅ ዓሣ ሲይዝ የሚታጠቀውን ቀበቶ ይዞ ወጣ፤ እምብርት ላይ ኩባያ የመሰለ ነገር አለው፣ የመንጠቆው ዘንግ ቂጥ እዚያ ውስጥ ይቆማል።

“ይኸ የተሠራው ዓሣ ለመያዝ ነው፣” አላት፣ “ሰው ይይዝ አይይዝ እንጃ።”

“ሰውም እኮ ያመልጣል፣ አቶ ጎረቤት” አለችው።

አጭር ዘንግ ከካሜራው ሥር አሰረች፣ ዘንጉን ቀበቶው ኩባያ ውስጥ አቆመች። ክብደቱ ሁሉ ወደ ወገቧ ወረደ። ቀኝ እጇ ነጻ ሆነ። ፍላሹን ወደ ጎን ማዞር ስትፈልግ በአገጯ ገፋ ታደርገዋለች።

ከሁሉ ያስቸገራት ሪፍሌክተሩን ማጠፍ ነበር። ያ ጨርቅ ጠርዙ የብረት ሽቦ ስለሆነ ሲፈታ “ፏ!” ብሎ ይዘረጋል፤ ለማጠፍ ግን ሁለት እጅ ይዞ እንደ እርጥብ ልብስ መጠምዘዝ ነው። ሁለት እጅ የላትማ። የሙቀቱን ወራት ሙሉ ከጨርቁ ጋር ስትታገል ከረመች። አንዴ መነጽሯን ከፊቷ ወስዶ ጎመን ውስጥ ጣለው። ሌላ ጊዜ ኪምቺ፣ ያ የኮመጠጠው ጎመን፣ ያለበትን ማሰሮዬን ክዳን መትቶ ድመቴ ደንግጣ ለሦስት ቀን ጠፋች። ልረዳት አጥር ስሻገር “ተመለሺ እትዬ!” ብላ ትጮህብኛለች። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት አጥሩን ስታንኳኳ ወጣሁ። አንዱን ጠርዝ በእግሯ ረግጣ፣ ሌላውን በጉልበቷ ደግፋ፣ በቀኝ እጇ አንድ ጊዜ ጠመዘዘችው፤ የሰሃን ያህል ሆኖ እጇ ውስጥ ገባ። አላጨበጨብኩም። አለቀስኩ።

የራሷን ሥራ ለመክፈት ፈቃድ ልታወጣ የሄደችበት ቢሮ “ረዳት አለሽ?” አላት አሉ። “ሁለት ብረት አለኝ” ብላ ፈርማ መጣች። ሥራ ግን የለም። ቻንግሆ ለመንደሩ ሁሉ “ምስኪን፣ ጭንቅላቷም ተነክቷል” ብሎ ነግሯል። የሚራን ሥራ የአሮጊቶች መታወቂያና የአንድ ሁለት ውሻ ፎቶ ሆነ።

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ የኦይስተር አርቢዎቹ ማኅበር አርባኛ ዓመቱን ሊያከብር ተነሣ። በመጋቢት በወደቡ ላይ ትልቅ ድግስ፣ የክፍለ ሀገሩ ሹማምንት፣ ሙዚቃ፣ የኦይስተር አከፋፈት ውድድር። ሊቀ መንበሩ ታክ ወደ መክፈቻው ቤት መጥቶ “እናቶቼ፣ የወደባችን ክብር እናንተ ናችሁ፤ ፎቷችሁ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልቁ ይሰቀላል” ሲለን ቢላችንን አስቀምጠን አጨበጨብን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፀጉሬን ተተኮስኩ።

ቻንግሆ ከነመብራቱና ለዕለቱ ከቀጠራቸው ሁለት ረዳቶች ጋር መጣ። ጠረጴዛችንን በአዲስ ነጭ ጨርቅ ሸፈነ። እኛን ዓይቶ፣ ወዲያ ዓይቶ፣ ከሊቀ መንበሩ ጋር ተንሾካሾከ። ከዚያ ከማኅበሩ ቢሮ ሦስት ልጃገረዶች ተጠሩ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ነጭ ካፖርት አለበሷቸው፣ ከንፈራቸውን ቀቡላቸው፣ በእጃቸው ቢላና ኦይስተር አስያዟቸው። መካከል ያለችው ናዩል የምትባለው ልጅ “ጋሼ፣ እኔኮ ከፍቼ አላውቅም” ስትል ሰምቻለሁ። “አንቺ ፈገግ በይ ብቻ” አላት። እኛ አሥራ አራታችን ካሜራው እንዳያየን ወደ ማጠቢያው በኩል ገለል እንድንል ተደረገ።

እማማ ማልዬ ከሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ከፍተዋል። ማልዬ ማለት የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ማለት ነው፤ ወላጆቻቸው ሴት በቃን ብለው ያወጡላቸው ስም። ከእሳቸው በኋላ አራት ሴት ተወለደ። እማማ ማልዬ ከማጠቢያው በኩል አንገታቸውን አስግገው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው “ልጄ፣ ቢላውን የያዝሽው በግልባጩ ነው!” አሉ።

ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ቻንግሆ ግን አላረመም። ፎቶው እንደዚያው ተነሣ።

በምሳ ሰዓት ማንም አልበላም። ትኩሱ የኦይስተር ሾርባ ከነሩዙ ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ቀዘቀዘ።

“በሃምሳ ዓመት አንድ ፎቶ!” አሉ እማማ ማልዬ። “እሱንም የማያውቅ ልጅ ያዘልኝ።”

“ቆንጆ ይፈልጋሉ እማማ፣ ምን ይደረግ” አለች አንዷ።

“እኔ ምን ሆንኩ? ጥርሴ ነው የጎደለ እንጂ ፊቴ ሙሉ ነው!”

እኔ ብድግ አልኩና “ጎረቤቴ ፎቶ አንሺ ናት” አልኩ።

“ያቺ… እጇ…” ብሎ የጀመረ ሰው ነበር። እማማ ማልዬ ቢላቸውን ጠረጴዛው ላይ ሰኩት። “የሚያየው ዓይን ነው፣ እጅ አይደለም። ጥሪያት።”

ሚራንን ስነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። “በማን ፈቃድ?”

“በእኛ።”

“እንደሱ ከሆነ ይበቃል” አለች።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ሚራን ዕቃዋን ይዛ መጣች። የመክፈቻው ቤት ኃላፊ በር ላይ ቆሞ “ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው፤ ሊቀ መንበሩ ነው ያለው” ሲለን ወደ ጓሮ ዞርን። ከጓሮው የቅርፊት ተራራ አለ፤ የዓመቱ ቅርፊት ሁሉ ተከምሮ ከጣሪያ በላይ የወጣ፣ ነጭ። እጃችን የሠራው ተራራ ነው። ሚራን ስታየው ዓይኗ በራ። “ከዚህ የተሻለ ግድግዳ የት ይገኛል!” አለች።

ቀኑ ደመናማ ነበር፣ ከባሕር የሚመጣ ነፋስም አለ። ሚራን ቀበቶዋን ታጠቀች፤ የመያዣውን ሦስት እግር በቀኝ እጇና በእግሯ እየገፋች ዘረጋች። ሪፍሌክተሩን ፈታችው፣ “ፏ!” አለ፣ ሴቶቹ ወደ ኋላ ዘለሉ። በመቆንጠጫዎቹ መካከል ወጠረችው። ገና ዞር ከማለቷ ነፋሱ መጣና ብረቱን ከነጨርቁ አንሥቶ ወረወረው። ክቡ ጨርቅ ከመቆንጠጫው አምልጦ በጭቃው ላይ እንደ መንኮራኩር እየተሽከረከረ ወደ ባሕሩ ሮጠ፤ እኔ በላስቲክ ቦቲዬ ተከትዬ ጠርዙ ላይ ያዝኩት።

“እንዲህ ነው በአንድ እጅ ማለት!” አለ ከኋላችን ድምፅ። ቻንግሆ ነው። ኃላፊው ደውሎለት ከሊቀ መንበር ታክ ጋር መጥቷል። “ሚራን፣ እስቲ አታዋርጂ ራስሽን። ሰው ያስፈልግሻል። ሰው የሌለው ብረት ምን ያደርጋል?”

ከሴቶቹ አንዷ፣ አዝና፣ “እኔ ልያዝልሽ እህቴ” ብላ ወደ ሪፍሌክተሩ እጇን ዘረጋች። ሌላዋም መጣች። እኔም ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር፣ “በቃ እኔ ልያዘው” አልኩ።

“አስቀምጡት!” አለች ሚራን። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ፊቷ ቀልቷል። “ማንም አይይዝም። እኔ ሃያ አራት ዓመት ይዣለሁ፤ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ብርሃን የሚይዝ ሰው ፎቶ ላይ የለም! እናንተ ዛሬ ከብርሃኑ ፊት ናችሁ እንጂ ከኋላው አይደላችሁም። እትዬ ቻሱክ፣ አስቀምጪው አልኩ!”

አስቀመጥኩት።

ሚራን ወደ ተራራው ሄደች፤ ለዓሣ የሚሆን አሮጌ የመረብ ከረጢት አነሣች፣ በቀኝ እጇ ቅርፊት እየዛቀች ሞላችው። ቀጥላ ሁለተኛ፣ ቀጥላ ሦስተኛ። መርዳት ፈልገን አልረዳንም፣ ቆመን አየን። ቻንግሆም አየ። ረጅም ጊዜ ፈጀ። የወደቀውን ብረት አቁማ፣ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ከብረቱ ሦስት እግሮች ላይ አሰረች፤ ቋጠሮውን የምታጠብቀው በጥርሷ ነበር። ጨርቁንም መልሳ ወጠረችው። ነፋሱ እንደገና መጣ። ጨርቁ ተንቀጠቀጠ፣ ብረቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

“እሺ እማማ፣” አለች ላቧን በትከሻዋ እየጠረገች፣ “ይምጡ።”

እማማ ማልዬ ጓንታቸውን ሊያወልቁ ሲሉ “አይ፣ እንደሥራዎት” አለቻቸው። ስለዚህ የላስቲክ ሽርጣቸውን ለብሰው፣ ጭቃው ጓንታቸው ላይ እንዳለ፣ ቢላቸውን ይዘው ከነጩ ተራራ ፊት ቆሙ። ሚራን ዘንጉን ቀበቶው ውስጥ አቆመች፤ ፍላሹን ግን ወደ እማማ አላዞረችውም፤ በአገጯ ገፍታ ወደ ሪፍሌክተሩ መለሰችው። ፍላሹ ጨርቁን መታው፣ ጨርቁም ብርሃኑን አለስልሶ ወደ እማማ ፊት መለሰው። የደመናው ቀን እሳቸው ላይ ብቻ ጠዋት ሆነ።

“ልስቅ?” አሉ እማማ።

“የሚያስቅ ነገር አለ?”

“የለም።”

“እንግዲያው አይሳቁ።”

ሊቀ መንበር ታክ ነው ያቋረጠው። “እናቶቼ፣ ይኸ ጥሩ አይደለም። የማኅበሩን ስም… ተበተኑና ወደ ሥራችሁ ግቡ።”

እማማ ማልዬ ፊታቸውን ከካሜራው ሳያነሡ መለሱለት። “የምሳ ሰዓቴ ነው፤ ሾርባዬን እዚያ ትቼ የመጣሁት ፊቴን ላስነሣ ነው። እናትህ ከሆንኩ ዝም በል፤ ካልሆንኩም እናቴ አትበለኝ።”

ቀጭ!

ያን ቀን አሥራ አራታችንንም አነሣችን። እኔ ጋ ስትደርስ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ “እትዬ ተንፍሺ፣ እኔ ነኝ” አለችኝ። ቻንግሆ እስከ መጨረሻው አልሄደም። እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ የሪፍሌክተሩን አቋቋም ያይ ነበር፣ ክንዱን፣ መቆንጠጫውን፣ ፍላሹ የዞረበትን አቅጣጫ። ከዚያ ሊቀ መንበሩን ተከትሎ ወረደ።

ፎቶዎቹ ቶንግዮንግ ከተማ ታትመው መጡ፣ እያንዳንዱ የበር ያህል ቁመት። አዳራሹ ውስጥ ይሰቀሉልን ስንል ማኅበሩ “ቦታ የለም” አለ። በደብዳቤ ጠየቅን፣ “ቦታ የለም” አለ። ሚራን “ቦታው ተገኘም አልተገኘም፣ ፎቶዎቹ አሉ” ብላ ቤቷ ግድግዳ ላይ ደረደረቻቸው፤ እኛ ግን በዚያ አልረካንም።

የድግሱ ቀን ደረሰ። አዳራሹ መግቢያ ላይ የናዩልና የሁለቱ ልጆች ፎቶ እንደ መርከብ ሸራ ተሰቅሏል፣ ቢላው እንደተገለበጠ። ሹማምንቱ ደረታቸው ላይ አበባ ሰክተው ተቀመጡ። የአከፋፈት ውድድሩ ተራ ሲደርስ ለውድድሩ የተመረጥነው ስምንታችን መድረኩ ላይ ወጣን፤ ፊታችን የኦይስተር ክምር። ፊሽካ ተነፋ።

ማናችንም ቢላ አላነሣንም።

ፊሽካው እንደገና ተነፋ። እጃችንን አጣጥፈን ቆምን። ሙዚቃው ቆመ። ሊቀ መንበር ታክ እየሳቀ፣ ፊቱ ግን አመድ መስሎ፣ ማይኩን ይዞ “እናቶቻችን ትንሽ አፍረው…” ሲል እማማ ማልዬ ማይኩን ከእጁ ወሰዱት። ነጠቁት አይባልም፣ ከልጅ እጅ ቢላ እንደሚወሰድ ቀስ አድርገው ወሰዱት።

“እኛ አላፈርንም” አሉ። “ግድግዳው ላይ ያሉት ይክፈቱ። ከፋቾቹ እነሱ ናቸው ተብሏል።”

እኔ በነጋታው ሥራ እንደሌለኝ አመንኩ። ያን ጊዜ ከእንግዶች መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ናዩል ተነሣች። የልጅቷ ፊት ቀልቷል። መድረኩ ላይ ወጣችና የእኔን ቢላና ጓንት ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። አንድ ኦይስተር አንሥታ ታገለች፣ ወደዚህ አዞረችው፣ ወደዚያ አዞረችው፤ ቢላው ተንሸራቶ ጓንቱን ቀደደው። አስቀመጠችው።

“አልችልም” አለች፣ ማይኩ ሳያስፈልጋት። “ያን ቀንም ተናግሬ ነበር። የነሱን ስቀሉ፤ የኔን አውርዱልኝ፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አፍራለሁ።” ብላ ወርዳ፣ ማንንም ሳትጠብቅ የራሷን ፎቶ ገመድ ትፈታ ጀመር።

ከዚያ ማን እንደሄደ አላውቅም፣ ባሌና ሌሎች ጀልባ ነጂዎች ይመስሉኛል፣ የሚራንን ፎቶዎች በመኪና ጭነው መጡ። ታክ ሹማምንቱን አየ፤ አንዲት የሹም ሚስት ቆማ እያጨበጨበች ነበር፤ እሱም አጨበጨበ። አሥራ አራት ሴት በዚያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ወጣች፣ ከነሽርጧ፣ ከነጓንቷ። ከጎን የመጣው ብርሃን የእያንዳንዳችንን የፊት መስመር አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ አንድም መስመር አልተደበቀም፣ አንድም የሚያሳፍር አልሆነም። ከሥር በትንሹ ጥቁር ጽሕፈት “ፎቶ፦ ኦ ሚራን” ይላል። በወርቅማ ቀለም አይደለም፤ አልፈልግም ብላ ነው።

ከዚያ ኦይስተሩን ከፈትን። እማማ ማልዬ አሸነፉ፤ ሁልጊዜም እሳቸው ናቸው የሚያሸንፉት።

ከሥራ አልተባረርንም። ወቅቱ ገና ሳያልቅ አሥራ አራት ከፋች ማባረር የሚችል አርቢ የለም፤ ታክም ያንን ያውቃል፣ እኛም እንደሚያውቅ አውቀናል። ከድግሱ በኋላ ከበፊቱ ይልቅ አጠር አድርጎ ሰላም ይለን ጀመር፣ “እናቶቼ” ማለቱንም ተወ። የእማማ ማልዬ ምራት “ይኸ ፎቶ ቁጡ ነው፣ ለለቅሶ ጊዜ አይሆንም” ብትላቸው “ይሁን፣ ሊያለቅስ የሚመጣው ሰው ትንሽ ይፍራኝ” ብለው ከመኝታቸው ፊት ለፊት ሰቀሉት።

ቻንግሆ በሚያዝያ ወር ወደ ሚራን ቤት መጣ። አጥሬ ጋ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፣ ሰማሁ።

“ሁለተኛ አንሺ ሆነሽ ተመለሺ” አላት። “ስምሽን ፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ አስጽፋለሁ። ከእኔ ስም ሥር።”

ሚራን ወንበር አቀረበችለት፣ ሻይ ቀዳችለት፤ አክብሮቷን አላጓደለችም። “ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ ብርሃን መያዝ ተምሬያለሁ፣ አልክድም። ግን መያዣዎን ያስተካክሉት፤ ዛሬም እንደ ዘመመ ነው። በመስኮት አይቼዋለሁ።”

“እሺ እኮ መጥተሽ አስተካክዪልኝ!”

“አይ፣” አለች፣ “ነገ ደሴቶቹ ላይ ሥራ አለኝ።”

እውነቷን ነበር። የአዳራሹ ፎቶ በጋዜጣ ከወጣ ወዲህ ከየደሴቱ ይደውሉላታል፤ መረብ ጠጋኞች፣ የባሕር አረም አድራቂዎች፣ ለማንም ፎቶ ፊታቸውን ሰጥተው የማያውቁ ሰዎች። በማግሥቱ ጠዋት ጀልባው ላይ እኔ ነኝ የሸኘኋት። ካሜራውንና ሁለቱን ብረቶች የዓሣ ሣጥን ውስጥ አድርጋ፣ ሣጥኑን በትንሽ ጋሪ እየጎተተች መጣች። ጀልባ ነጂው ሊያነሣላት ጎንበስ ሲል “እኔ ነኝ የማነሣው” ብላው በቀኝ እጇ ጎትታ አስገባችው፤ አንዴ ተንሸራተተባት፣ ተሳደበች፣ እንደገና ሳበችው፣ ገባ።